የካባው ዥንጉርጉሮች

ከኮተቤ ወደ ላይ ባሕር ዛፉ ተጀምሮ፣ ዳገቱም ትንፋሽ ማሳጠር ሲጀምር ድሮ አንድ የድንጋይ ካባ ነበረ። ዛሬ "የት ነበረ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያሳየው አያገኝም፤ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻዎች ተደርድረውበት በየበረንዳው ልብስ ተሰጥቶበታል። ያን ጊዜ ግን ጥቁር ገደል የከበበው፣ በሐምሌም በሚያዝያም እጅ የሚያደነዝዝ ጥልቅ ውሃ ተኝቶበት ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ያርቁበት ነበር። ያን ውሃ እንደ ጓሮው የሚያውቀው አቶ ሣህሌ ብቻ ነው።

ሣህሌ በጎረምሳነቱ በዚያው ካባ ድንጋይ ፈላጭ ነበር። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ አንድ ቀን ድማሚት ሲፈነዳ ከገደሉ ሥር የተደበቀ ምንጭ ፈነቀለ። ውሃው መዶሻውንና ድጅኖውን አስጥሞ ካባውን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላው፤ ሥራውም በዚያው ቀረ። የካባው መሐንዲስ ከበረዶ አገር የመጣ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ አገሩ ናፈቀው መሰል፣ ከየት እንዳስመጣቸው እንጃ፣ ጣት ጣት የሚያካክሉ ዓሦች በበርሜል አምጥቶ ውሃው ውስጥ ለቀቀ። ጎናቸው ላይ ከላይ ወደ ታች ጥቁር መስመር የወረደባቸው፣ የሆዳቸው ክንፍ እንደ በርበሬ የቀላ ነበሩ። ፈረንጁ "ፐርች" ይላቸዋል፤ ሰፈሩ ግን አይቶ "ዥንጉርጉር" አላቸው፤ ስሙም ጸና። አብዮቱ ሲመጣ ፈረንጁ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሄደ። "ጠብቃቸው" ብሎ ለማንም አደራ አልሰጠም። ሣህሌ ግን እንደተሰጠው ቆጠረው።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ተለወጠ፤ ደርግ ሄዶ ኢሕአዴግ ገባ፤ ቀለበት መንገዱ ተሠራ፤ መገናኛ ላይ ፎቅ በፎቅ ላይ ተነሣ። ሣህሌ የመጋዘን ዘበኛ ሆኖ፣ ባለቤቱን እታገኝን አግብቶ፣ ፀጉሩ ሸበተ። ዕረፍት ባገኘ ቁጥር ግን ታንኳውን ተሸክሞ ወደ ካባው ይወጣል።

ታንኳ ይበለው እንጂ ታንኳ አልነበረም። ሁለት የከባድ መኪና ካላማዳሪ ተነፍቶ፣ በላዩ አጣና ተጋድሞ፣ በጎማ ጥብጣብ ተጠፍሮ፣ ከዚያ ላይ አሮጌ የበር ጣውላ የተነጠፈበት ነገር ነው። "ሁለት ሰው ይይዛል፤ ሦስተኛ ከመጣ ሁሉም ይዋኛል" ይል ነበር ሣህሌ።

ሁለተኛው ሰው ኤጀታ ነው። ኤጀታ ከወለጋ መጥቶ አጥር ለአጥር የተጎራበተ፣ መገናኛ አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ እሑድ እሑድ በጸሎት ቤቱ መዘምራን መካከል ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ ጎልማሳ ነበር። መጀመሪያ ታንኳው ላይ የወጣ ዕለት ክሩን ጥሎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረ።

"እዚህ መዝሙር የለም" አለው ሣህሌ በሹክሹክታ።

"ዓሣ ይሰማል እንዴ ጋሼ?"

"ጣውላው ይሰማል። እግርህን ባነሣህ ቁጥር ጣውላው ለውሃው ይነግረዋል፤ ውሃው ደግሞ ሐሜተኛ ነው፤ ታች ወርዶ ለዓሣው ያወራል።"

ኤጀታ ሣቀ፤ ጣውላው ተንቀጠቀጠ። በዚያን ዕለት ምንም አልያዙም።

ሣህሌ እንዴት እንደሚያጠምድ ማየት ግን ደስ ይል ነበር። መጀመሪያ ታንኳውን ከሁለት ወገን በገመድና በድንጋይ ያስረዋል፤ የእንጦጦ ነፋስ ሲመጣ እንዳያሽከረክረው። በአንድ ገመድ የታሰረ ታንኳ እንደ ታሰረ ፍየል ሲዞር ይውላል፤ ታንኳ ከዞረ ክር ይዞራል፤ ክር ከዞረ ዥንጉርጉር ይሸሻል። ቀጥሎ የጠርሙስ ቆርኪ በድንጋይ ጠፍጥፎ፣ የሚያበራውን ፊት ወደ ውጭ አድርጎ ከመንጠቆው በላይ ያስረዋል። ከአሮጌ ባትሪ የወጣች ትንሽ እርሳስ ከታች ታክላለች። ክሩን መሬት እስኪነካ ይለቀዋል፤ ከዚያ አንድ ስንዝር ያነሣዋል።

"ለምን ታች ድረስ?" ይለዋል ኤጀታ።

"ዓሣ በብርድ እንደ ሽማግሌ ነው ልጄ። ሲሞቅ ይሮጣል፣ ያባርራል፣ ይጣላል። ሲበርድ ግን ሁሉም ታች ወርደው ተቃቅፈው ይተኛሉ። ምግብ ፊታቸው ካልቀረበ አይነሡም። ቢቀርብም ካልለመንካቸው አይቀምሱም።"

ልመናውም እንዲህ ነው፤ ክሩን በሌባ ጣቱ ላይ ያሳርፍና ቆርኪው ብልጭ እንዲል ብቻ ጫፉን ያንቀጠቅጠዋል። ከዚያ ይተወዋል። ጀማሪ ሲያንቀጠቅጠው የሚይዝ ይመስለዋል፤ ዥንጉርጉር ግን የሚይዘው ሲተዉት ነው። "አባታችን ሆይ" በቀስታ ተደግሞ እስኪያልቅ ካልመጣ አንደኛውን ድንጋይ አንሥቶ ታንኳውን ጥቂት ፈቀቅ ያደርጋል፤ እነሱ አይመጡምና እሱ ይሄዳል። ሲይዝም ክሩ አይጎተትም፤ ይከብዳል ብቻ። እርጥብ ጨርቅ የተንጠለጠለበት ይመስላል። ያን ጊዜ መመንጨቅ የለም። ከዚያ ጥልቀት በችኮላ ከወጣ ሆዱ ተነፍቶ በአፉ ይመጣል። ሣህሌ ጥቂት ይስባል፣ ያርፋል፣ ጥቂት ይስባል፤ የተኛ እንግዳ እንደሚቀሰቅስ ሰው ነው። ውሃው አፍ ላይ ሲደርስ እጁን አርሶ ዓሣውን ከራሱ ወደ ጀርባው ያሻሸዋል፤ የጀርባው እሾህ እንደዚያ ካልተጋደመ መዳፍ ይበሳል።

የቀረ አንድ ነገር አለ፤ ነገሩም ሁሉ የተነሣው ከዚያ ነው። ቆርኪው ይጠራል እንጂ አያጎርስም። መንጠቆው ጫፍ ላይ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ጉበት ካልተሰካች ዥንጉርጉር በብርድ አፉን አይከፍትም። ሣህሌ ደግሞ በጾም ጉበት አይነካም። መንጠቆ ላይም ቢሆን አይነካም።

"ዓሣው ጉበቱን በላ" ይል ነበር ጣቱን እያጠፈ። "እኔ ዓሣውን በላሁ። እኔ ምን በላሁ?"

"ዓሣ!" ይላል ኤጀታ።

"ጉበት! በዓሣ ተጠቅልሎ የመጣ ጉበት!"

ስለዚህ በጾም ወራት መንጠቆው ላይ የሚሰካው የበሶ ሊጥ ነበር። በሊጡም ዳር ዳር የሚሄዱትን፣ ከየት እንደገቡ የማይታወቁትን ግራጫ ጥቃቅን ዓሦች ይይዛል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያሉ የሚከራከሩ የሰፈሩ እናቶች እንኳ ከእሱ ሲሆን ዝም ብለው ይቀበላሉ። "የሣህሌ ዓሣ ጾመኛ ነው" ይባል ነበር፤ እሱም በዚህ ስሙ ይኮራል። ኤጀታ ግን ሊጡን ባየ ቁጥር፣ "ጋሼ፣ ቆርኪው የቢራ ነው፤ ቢራ ጾም ነው፤ በእሱ በኩል ሰላም ነን" እያለ ያሾፍበታል።

እንዲህ ሆኖ ሲኖር፣ የካ አባዶ ላይ የኮንዶሚኒየሙ ሥራ በጦፈበት ዘመን አንድ ኅዳር የወረዳው ሰው ነዋሪውን ሰበሰበ። የካባው ውሃ በፓምፕ ተስቦ ይወጣል፣ ጉድጓዱ በአፈር ይሞላል፣ ቤት ይሠራበታል አለ። ልጆች መስጠማቸው ይቀራል ተብሎ ተጨበጨበ። እውነትም ነበር። ሣህሌ ከኋላ ተነሣ።

"ዓሦቹስ?"

አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ። የወረዳው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ፈገግ ብሎ፣ "አባት፣ ከመሞላቱ በፊት ጠብሰው ይብሏቸዋ!" አለ።

"ልበላቸው አይደለም" አለ ሣህሌ፤ ተመልሶም ተቀመጠ።

በማግስቱ ዳገቱን ወጥቶ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ዋቅጅራ ሄደ። ዋቅጅራ ዱሮ በካባው አብሮት ድንጋይ የፈለጠ፣ በኋላ ወደ አባቱ መሬት የተመለሰ ገበሬ ነው። ለላሞቹ ያስቆፈረው ትልቅ ኩሬ ነበረው፤ ጥልቅ ነው፣ ቄጠማ ከቦታል፣ ጧት ጧት ዳሩ አመዳይ ይይዛል።

"ይኖራሉ?" አለ ሣህሌ ውሃውን በእጁ እየነካ።

"እኔ ምን አውቃለሁ? እንግዳ ከመጣ አይመለስም፤ አምጣቸው" አለ ዋቅጅራ። "አህያዬንም ውሰድ።"

ፓምፑ መሳብ ሲጀምር የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። ብርዱ ከባድ ነው፤ ዥንጉርጉሮቹ ታች ወርደዋል። ሣህሌና ኤጀታ ታንኳውን ከሁለት ወገን አስረው በሶ ሰክተው ይጥላሉ። ግራጫዎቹ ይመጣሉ፤ ዥንጉርጉር የለም። በነጋታውም የለም። በየቀኑ የገደሉ ግድግዳ ከውሃው እየተገለጠ ወደ ላይ ይረዝማል፤ ውሃው እየጠበበ፣ እየደፈረሰ ይሄዳል። ጭቃው ታች ሲደርስ ዓሦቹ እንደሚታፈኑ ሣህሌ ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ ኤጀታ ከኪሱ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

"ምንድን ነው?"

"ጉበት።"

"አውጣው ከታንኳዬ!"

"ጋሼ፣ ወዴት ላውጣው? ዙሪያው ውሃ ነው።"

"ይዘኸው ዋኝ!"

"እኔ እሰካዋለሁ፤ እርስዎ ዞር ይበሉ። የእኔ ጾም አይደለም።"

"ታንኳው ግን የእኔ ነው።"

ፓምፑ ማዶ ያጉረመርማል። ኤጀታ ፌስታሉን መልሶ ኪሱ ከተተ፤ ሣህሌም ክሩን ጠቅልሎ ድንጋዮቹን አነሣ።

ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ለውጦ ወደ ነፍስ አባቱ ወደ ቄስ ወልደ ኢየሱስ ጎራ አለ። ቄሱ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሁሉንም ነገራቸው፤ ቆርኪውን፣ በሶውን፣ ጉበቱን። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

"ዓሣው ክርስትና ተነሥቷል?" አሉ በመጨረሻ።

"ኧረ አልተነሣም አባቴ!"

"እንግዲያ ረቡዕና ዓርብ ታናናሾቹን ሲውጥ የሚኖር ፍጥረት ነው። አንተ ቀጥተኸው ታውቃለህ?"

ይህን ሣህሌ አስቦት አያውቅም።

"ትበላዋለህ?"

"አልበላውም። ከሚታፈን ላወጣው ነው።"

"በጾም ነፍስ አታድን ያለህ ማነው? ጾም እጅህን ለማሰር አልተሠራም።" ጥቂት አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ብቻ በእታገኝ ቢላዋ እንዳትቆርጠው። ያን ጊዜ እኔም አላድንህም።"

ሰኞ ጧት ሣህሌ መሪ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ካለ ሥጋ ቤት ገብቶ ጉበት ገዛ። ለሳምንቱ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ የወሰደውን ኤጀታን ሊልክ ይችል ነበር፤ አልላከውም። ሲወጣ ግን የዕድራቸው አንዲት ሴት በራፉ ላይ ከነፌስታሉ አየችው፤ ወሬው ከሣህሌ ቀድሞ ኮተቤ ደረሰ። ጧት "ሣህሌ ጾም ገደፈ" ነበር፤ ቀትር ላይ "ሣህሌ ጴንጤ ሆነ" ሆነ፤ ማታ ላይ ደግሞ ኤጀታ በካባው ውሃ አጥምቆት ነበር። ለዓመታት ከእሱ ዓሣ የተቀበሉ እናቶች "እንዲያው በሶ ነው ሲለን ኖሮ!" እያሉ ደረታቸውን መቱ።

እታገኝ ወሬውን የሰማችው ውሃ ልትቀዳ በወጣችበት ነው። ጀሪካኗን እዚያው ጥላ ዳገቱን ወጣች። ገደሉ ጫፍ ላይ ቆማ ቁልቁል ስታይ ባሏና ኤጀታ በዚያች ጣውላ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ጉበት የተቀመጠበት የቆርቆሮ ክዳን አለ።

"ሣህሌ!" አለች፤ ገደሉ "ሣህሌ" ብሎ መለሰላት። "አፍህን ክፈት ልየው!"

ሣህሌ ግን መልስ ሊሰጥ አልቻለም። በዚያች ቅጽበት ክሩ ጣቱ ላይ ከብዶ ነበር። ሳይጎተት፣ ሳይደነግጥ፣ እርጥብ ጨርቅ እንደተንጠለጠለበት ሆኖ ከብዷል። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ጣውላው ይሰማል።

"አፍህን አልከፍትም አልክ? እሺ፣ አንተስ ኤጀታ? ባሌን ምን አበላኸው?"

ኤጀታም አፉን በእጁ ያዘ። ይህ ነገሩን አባሰው።

"በስመ አብ! ሁለቱም አፋቸው ሙሉ ነው!"

ሣህሌ ጥቂት ሳበ፤ አረፈ። ጥቂት ሳበ፤ አረፈ። እታገኝ ከላይ እያየች ቀስ በቀስ ዝም አለች። ባሏን እንደዚያ ሆኖ አይታው አታውቅም፤ ሰው ሁሉ እየሰደበው እሱ ላንድ ክር ብቻ የሚተነፍስ። ከደፈረሰው ውሃ ውስጥ መጀመሪያ ቆርኪው በራ፤ ቀጥሎ ያ ቀይ ክንፍ፣ ያ ጥቁር መስመር ወጣ። ሣህሌ እጁን አርሶ እሾሁን አጋደመ፤ መንጠቆውን እንደ እሾህ ከሕፃን እግር ነቅሎ ዓሣውን አፉ በተቀደደ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ለቀቀው። ዥንጉርጉሩ አንድ ጊዜ ዞሮ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ያን ጊዜ ነው ሣህሌ አንገቱን ቀና አድርጎ አፉን እስከ ጉሮሮው የከፈተው።

"ይኸው! እይው!"

"ከዚህ ምን ይታየኛል!" አለች እታገኝ። ግን ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ፣ "ቢላዋው የማን ነው?" ብላ ጮኸች።

"የኤጀታ!"

"እሱስ ደግ።"

ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሲያወጡ ሰነበቱ። እታገኝ እርጥብ ጆንያ በጀሪካኖቹ ላይ እየሸፈነች፣ ለሚያልፍ ሁሉ "አልበላም! ለዓሣው ነው!" እያለች ስታስረዳ ዋለች፤ ያመናት ግን ጥቂት ነው። ከዚያ ጀሪካኖቹ በዋቅጅራ አህያ ተጭነው በባሕር ዛፉ መካከል ወደ እንጦጦ ጀርባ ወጡ። አህያዋ በተራመደች ቁጥር ውሃው ይናጣል፤ መናጡም ለዓሦቹ ትንፋሽ ሆናቸው። ሁሉም አልደረሱም። የደረሱት ኩሬው ውስጥ ሲለቀቁ ለጥቂት ጊዜ ዳሩ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ጥቁሩ ውሃ ወርደው ጠፉ። ወንድ ይሁኑ ሴት ማንም አያውቅም።

የካባው ውሃ ከገና በፊት አለቀ። ሲኖትራኮች አፈር እየገለበጡ ሞሉት። ዓመት ሳይሞላ ለእታገኝና ለሣህሌ የካ አባዶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዕጣ ወጣላቸው፤ ካላማዳሪዎቹን ጎሚስታ ወሰዳቸው። ሣህሌ በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ እንጦጦ ያያል። በዚያ ቤት ውሃ ማለት በፈረቃ የሚመጣ ነገር ነው።

አልፎ አልፎ በሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ከዚያም በእግሩ ወጥቶ በዋቅጅራ ኩሬ ዳር ይቀመጣል። ምንም አይታየውም። ውሃው ዝም ነው። ኤጀታ ቅዳሜ ሲጠይቀው ይመጣና፣ "ጋሼ፣ አንድ ጊዜ መንጠቆ ጥለን አንሞክርም?" ይለዋል።

"ጥዬ ባገኝ አንዱን አቆስላለሁ" ይላል ሣህሌ። "ጥዬ ባላገኝስ?"

ኤጀታ ከዚያ በላይ አይጠይቀውም። ኩሬው ባዶ ነው የሚለውን ከመስማት ለሣህሌ አለማወቁ ይሻለዋል። ሣህሌ ማታ ማታ ስለ ዓሦቹ ማውራት እየተወ መጣ፤ እታገኝ ይህን ስታይ ዝምታው ያስፈራት ጀመር።

በየካቲት አንድ ጧት ስልኩ ጮኸ። ዋቅጅራ ነው፤ ተቆጥቷል።

"ሣህሌ፣ እዚህ የመጣ ሰው አለ እንዴ? ኩሬዬን ማን ነው ያበላሸው?"

"ምን ሆነ?"

"ቄጠማው ላይ ነጭ ነገር ጥለውበታል። እንደ ነጠላ ጥለት ረዥም ነው፣ እንደ መረብ ቀዳዳ ቀዳዳ፣ በቄጠማው ላይ የተጠመጠመ። ፕላስቲክ ነው መሰለኝ። ላሞቼ ሳይውጡት በእንጨት ጎትቼ ልጥለው..."

ያን ጥለት ሣህሌ በካባው ያውቀዋል፤ ጥምቀት አልፎ ውሃው ለዘብ ሲል በየዓመቱ በሰመጡት ቁጥቋጦዎች ላይ ተጠምጥሞ ያየው ነበር። ሌላ ዓሣ እንደዚያ አያደርግም።

"አትንካው!" አለ። ድምፁ ደረጃውን ይዞ እስከ ምድር ቤት ወረደ። "ዋቅጅራ፣ በልጆችህ አትንካው! እንቁላል ነው! የዥንጉርጉር እንቁላል ነው!"

በየፎቁ በር ተከፈተ።

"እንቁላል?" አለ ዋቅጅራ።

"እንቁላል! ራቅ ከዚያ! ላሞቹንም አርቅ!"

"ላሞቹስ የት ይጠጡ?"

"በባልዲ!"

"እሺ፣ በባልዲ" አለ ዋቅጅራ በመጨረሻ፤ "ግን መጥተህ አንተ ቅዳላቸው።"

እታገኝ ከጓዳ እጇ ሊጥ እንደ ሆነ ሮጣ ወጣች፤ ጎረቤቶችም በራፉ ላይ ተሰብስበዋል።

"ማን ሞተ? ሣህሌ፣ ማን ሞተ?"

ሣህሌ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ በአንድ እጁ ጫማውን ይፈልጋል፤ በሌላው እጁ የተዘጋውን ስልክ ጆሮው ላይ እንደያዘ ነው።

"ማንም" አለ። "እታገኝ፣ ማንም አልሞተም።"